ማዳመጫ አድርጎ ብረት መፈለግ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሥራዬ የከተማ ውኃ መስመር ጥገና ነው። መንገድ ሲደለደል፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ወይም አጥር ሲታጠር ከአፈር በታች የቀረ የቫልቭ (የውኃ መክፈቻና መዝጊያ) ክዳን መፈለግ የዘወትር ተግባሬ በመሆኑ፣ እኛ በአጭሩ ዲቴክተር የምንለውን የብረት መፈለጊያ መሣሪያ መያዝ ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ነፋሻ ከተማ ስለሆነች፣ ከመሣሪያው የሚወጣው ስስ ድምፅ ጆሮ ሳይደርስ ነፋስ ይወስደዋል፤ ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ ለእኛ እንደ ዶማና እንደ አካፋ የሥራ ዕቃ ነው። ለልምምድ የሚመጡልኝ ወጣቶች ግን ማዳመጫ የሚያውቁት በዘፈን ነው፤ ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩትም ከዚሁ ልማድ ነው።

ቀዳሚው ስህተት ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቶ መነሣት ነው። ጀማሪው ድምፁን በጨመረ ቁጥር መሣሪያው ጠለቅ ብሎ የሚፈልግ ይመስለዋል። ላይ ላይ የወደቀ ቆርኪ ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ጆሮ ሰንጥቆ ይጮኻል፤ አንድ ክንድ ያህል ወርዶ የተቀበረ ክዳን ግን የሚሰጠው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ቆርኪው ሃያ ጊዜ የጮኸበት ጆሮ ደንዝዞ ስለሚቆይ፣ የሚፈለገው ሹክሹክታ ሲመጣ ሳይሰማው ያልፋል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሳንቲም መሬት ላይ አስቀምጦ፣ በመሣሪያው ዘንግ ጫፍ ያለውን፣ ብረት የሚያስሰውን ክብ ሳህን በላዩ እያሳለፉ፣ ከፍተኛው ጩኸት ጆሮን በማያሳምምበት ልክ ድምፁን መወሰን ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማታ ማታ ጆሮዬ እንደ ፌንጣ ሲጮህ ያደረ ጊዜ ብዙ ነው፣ ጥፋቱን ግን በብርዱ ላይ አላክክ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው፣ መሣሪያው ምንም ሳያገኝ የሚያሰማውን ስስና ተከታታይ ጉምጉምታ ማጥፋት ነው። ጉምጉምታው ይሰለቻል፤ እኔም አልክድም። ይሁን እንጂ ጥልቅ ያለ ብረት ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው በጉምጉምታው ላይ በሚያመጣው ትንሽ መለዋወጥ በመሆኑ፣ እርሱን ያጠፋ ሰው መሣሪያውን ላይ ላዩን ብቻ እንዲፈልግ ፈርዶበታል ማለት ነው። የሸዋ ደጋ መሬት አብዛኛው ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ በመሆኑ ብረትነት ያለው ማዕድን አያጣውም፤ ጉምጉምታው አንዴ ሲነሣ አንዴ ሲወድቅ የሚያስቸግረውም በዚህ የተነሣ ነው። መፍትሔው ብረት በሌለበት ቦታ ላይ ቆሞ ሳህኑን ከመሬት በቁርጭምጭሚት ከፍታ እያነሡና እያወረዱ፣ ድምፁ በመነሣትም በመውረድም አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ መሣሪያውን ከአፈሩ ጋር ማስማማት ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያም ሆኖ በየጧቱ የሚያደርገው ሰው ከአምስቱ አንዱ አይሆንም።

አሁን ትዕግሥቴን ወዳስጨረሰኝ ስህተት ልምጣ፤ እርሱም ለስልክ የተገዛውን ብሉቱዝ ማዳመጫ ከመሣሪያው ጋር አገናኝቶ ወደ ሥራ መውጣት ነው። ተራ ብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ተቀብሎ ለጆሮ እስኪያደርስ ድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ሊዘገይ ይችላል። ዘፈን ለሚሰማ ሰው ይህ መዘግየት ከምንም አይቆጠርም፤ ሳህን ለሚያወዛውዝ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሳህኑ በሰከንድ አንድ ሜትር ከተጓዘ፣ ድምፁ ጆሮ ሲደርስ ሳህኑ ብረቱን በ20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም በስንዝር ያህል አልፎታል። ይባስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ብረቱ ወደ ቀኝ የተዛወረ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመለስ ደግሞ ወደ ግራ የተዛወረ ይመስላል። አንድ ጎበዝ ልጅ (ጎበዝ ስል ምጸት አይደለም፤ ዛሬ ከእኔ የተሻለ ጆሮ አለው) አንድ ቀን በአንዲት እናት ደጃፍ ላይ ጠርቶኝ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ሁለት ቫልቭ ነው ያለው» አለኝ። በዚያ መስመር ላይ የነበረው አንድ ቫልቭ ብቻ መሆኑን አውቃለሁና ካርታውን አሳየሁት፤ እርሱ ግን ከካርታው ይልቅ ጆሮውን አመነ፤ ግራውንም ቀኙንም ኮብልስቶን አንሥቶ ቆፈረ፤ ሁለቱም ጉድጓድ ባዶ ሆነ። ባለቤቷም ወጥተው ጉድጓዶቹን ተራ በተራ ካዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ መቃብር ነው የምትቆፍሩልኝ?» አሉን። ክዳኑ የተገኘው በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል፣ ሳይነካ በቀረው ጠባብ አፈር ሥር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር የሚሠራ ሰው ባለገመድ ማዳመጫ ያደርጋል። ገመድ የሚያስቸግረው ካለ፣ መዘግየታቸው ከ0.04 ሰከንድ የማይበልጥ፣ ለዚሁ ሥራ የተሠሩ ገመድ አልባ ማዳመጫዎች ስላሉ እነርሱን ይግዛ፤ የስልኩን ግን ለስልኩ ይተወው።

የውጭ ድምፅ ያጠፋል የተባለውን ውድ ማዳመጫ የሚያመጡም አሉ። እንዲህ ያለው ዕቃ የሚሠራው በላዩ ባሉ ማይክሮፎኖች በኩል ስለሆነ፣ ነፋስ ማይክሮፎኑን ሲመታው ራሱ ተጨማሪ ጫጫታ ይፈጥራል፤ ጆሮን በደንብ የሚሸፍን ተራ ማዳመጫ ይበልጠዋል።

የሶኬቱን ልክ ሳያዩ መግዛትም አለ፤ አንዳንዱ መሣሪያ 6.35፣ አንዳንዱ 3.5 ሚሊ ሜትር ይቀበላል፤ አስማሚ ቢገኝም እንኳ ለሁለት ጆሮ የተሠራው ማዳመጫ ባለ አንድ ድምፅ መሣሪያ ላይ ሲሰካ በአንድ ወገን ብቻ ሊሰማ ይችላል። ገመዱን አንጠልጥሎ መሄድም ሌላው ነው፤ ሰውየው ሲጎነበስ ገመዱ ወይም ማዳመጫው ወደ ሳህኑ ይጠጋና፣ ውስጡ ያለው መዳብና ማግኔት መሣሪያውን ያስጮኸዋል፤ ጀማሪውም የራሱን ማዳመጫ ፍለጋ መሬት ይቆፍራል። ገመዱ በጃኬት ውስጥ በጀርባ በኩል ይለፍ።

ሁለቱንም ጆሮ ደፍኖ መንገድ ዳር መሥራትን በተመለከተ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም ባይ ነበርሁ፤ ነገር ግን ራሴው ስላደረግሁት እናገራለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ጠርዝ ላይ አጎንብሼ ስፈልግ፣ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየመጣብኝ ነበር፤ ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየደበደበ ሲጮህ እኔ የምሰማው ጉምጉምታውን ብቻ ነው። ያዳነኝ አንድ የጋሪ ነጂ ነው፤ ኮሌታዬን ይዞ ሲጎትተኝ፣ ሊዘርፈኝ መስሎኝ ልመታው ተነሥቼ ነበር። በመንገድ ዳር አንደኛው ጆሮ ክፍት ይሁን፤ ካልሆነም ትራፊክ የሚጠብቅ ሰው ይቁም። ክረምት ላይ ደግሞ የነጎድጓድ ድምፅ እንዳያመልጥ ማዳመጫውን በየጊዜው ማውለቅ ያስፈልጋል፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ረጅም ዘንግ የያዘ ሰው መብረቅ ሲመጣ የመጨረሻው ሰሚ መሆን የለበትም።

ወጣቶቹ እንደ ስህተት የማይቆጥሩት አንድ ነገር አለ፤ ማዳመጫ አድርገው በሰው ማሳ ዳር ሲያልፉ የተጣለላቸውን ሰላምታ አለመመለሳቸው ነው። በእኛ አገር አንድ ሽማግሌ «እንደምን ዋላችሁ» ብለው መልስ ካጡ፣ የመጣው ሰው ወይ ንቋቸዋል ወይ የሚደብቀው ጉዳይ አለው። ያን መሣሪያ ይዞ የሚዞር ሰው ደግሞ የተቀበረ ማርትሬዛ ብር የሚፈልግ ነው ተብሎ መጠርጠሩ አይቀርም፤ ጥርጣሬውም መሠረት የለውም አይባልም፣ ምክንያቱም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ቆፍሮ ማውጣትን የሚከለክል ሆኖ ሳለ የሚሞክር አይጠፋም። ስለዚህ ማዳመጫው ይውለቅ፣ ሰላምታ ይሰጥ፣ የሚፈለገው ነገር ይነገር። አንድ ጊዜ ማዳመጫውን ለአንድ አባት ጆሮ ላይ አድርጌላቸው ክዳን ያለበትን አሰማኋቸው፤ «ያቃስታል እኮ!» ብለው ከሳቁ በኋላ፣ ቧንቧው ሲቀበር በቀን ሥራ ስለነበሩበት፣ ሦስት ቀን የለፋንበትን ሌላኛውን ቫልቭ በምርኩዛቸው ጠቁመው አሳዩን።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደረሰባቸው በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት በኩል ለሚሠራ ሰው ሌላ ቃል አለኝ። በማዳመጫው ውስጥ የቫልቭ ክዳንም ያልፈነዳ ተተኳሽም የሚያሰሙት ያው የብረት ድምፅ ነው፤ የቱ የትኛው እንደሆነ የሚለይ ጆሮ የለም። ውጊያ የተካሄደበት ቦታ በባለሙያ መጽዳቱ ሳይረጋገጥ መሣሪያ ይዞ መግባት አይገባም፤ አጠራጣሪ ነገር ያየ ሰው ሳይነካ በመጣበት ዱካ ይመለስ፣ ለፖሊስም ያስታውቅ።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። መስመሩ የፕላስቲክ ቧንቧ ከሆነ ምንም ዓይነት ማዳመጫ አያሰማውም። ማዳመጫውን ከጆሮ ወደ ጆሮ የሚቀባበሉ ሰዎች ስፖንጁን ይጥረጉ፤ ዝናብ የነካውም በጥላ እንጂ በምድጃ ዳር አይደርቅም። ገመዱን በመያዣው ላይ አጥብቆ መጠምጠም፣ በተለይ ውርጭ ባደረበት ጧት ፕላስቲኩ ግትር ሲል፣ ውስጡን ይሰብረዋል። ይህን ለልጆቹ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፤ የራሴ ማዳመጫ ግን ሶኬቱ አጠገብ በጥቁር ፕላስተር ሁለት ቦታ ተጠምጥሟል።