ማውዙን ለመምህሩ ተዉለት፦ መምህራንን ኮምፒውተር ስናለማምድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ መምህራን ኮምፒውተርን ለማስተማር ሥራቸው እንዲጠቀሙበት አግዛለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ለመምህራኑ ሳይሆን እነሱን ለምናግዘው ለእኛ ነው። ለአይሲቲ መምህራን፣ ለኮምፒውተር ላብ ቴክኒሻኖች፣ ከዩኒቨርሲቲ ለሥልጠና ለሚላኩ ወጣቶች፣ «አንተ ኮምፒውተር ትችል የለ? ለሌሎቹም አሳያቸው» ተብሎ ሥራው ለተጫነባቸው ሁሉ። አንድ መምህር ላፕቶፑን ዘግቶ ወደ ጠመኔው ሲመለስ «ድሮም ቴክኖሎጂ አይወድም» ይባላል። እኔ በገባሁባቸው ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ መምህሩን ያሸሸው የእኛው አያያዝ ነው።

ማውዝ መቀማት

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይኼ ነው። መምህሯ ትቸገርና ትጣራለች። ትናንት ያስቀመጠችው ፈተና ጠፍቶባታል። ቴክኒሻኑ ልጅ እየሮጠ ይመጣል። «አንዴ ይቅርታ ቲቸር» ብሎ ማውዙን ከእጇ ይወስዳል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። «በቃ፣ ተገኘ!» ብሎ ይሄዳል። እሷም አመስግናው ትቀራለች። ፋይሉ የት እንደነበረ አላየችም፤ እንዴት እንደተገኘም አላየችም። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ይጠፋባታል። አሁንም ትጣራለች። ሲደጋገም መጣራቱ ያሳፍራታል። ከዚያ ዝም ትላለች፤ ፈተናውንም እንደ ድሮው በእጇ ጽፋ ለጸሐፊዋ ትሰጣለች።

ወጣቶች፣ እባካችሁ እጃችሁን ሰብስቡ! ተማሪ ሒሳብ ሲያቅተው መምህሩ እርሳሱን ቀምቶ አይሠራለትም። አጠገቡ ቆሞ «ቀጥሎስ?» ይለዋል። እናንተም እንደዚያ ሁኑ። ዘግይቶ ይገኝ፤ ግን በእሷ እጅ ይገኝ።

ማውዝ የማይቀማ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አንድ የሒሳብ መምህር «ፎልደሬን እየበላብኝ ነው» ብለው ቴክኒሻን የሚጠሩበት ጊዜ ብዙ ነበር። የመጣው ሁሉ ፎልደሩን ከሌላ ፎልደር ውስጥ አውጥቶላቸው ይሄዳል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ብቻ አየሁ። ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ በመካከሉ ማውዙ ትንሽ ይንሸራተታል። ኮምፒውተሩ ፎልደሩን የጎተቱት ይመስለዋል። ስለዚህ ከጎኑ ያለው ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። «መምህር፣ አንዴ ብቻ ጠቅ ያድርጉና ኢንተርን ይጫኑ» አልኳቸው። ተከፈተ። «ይኼው ነው እንዴ?» አሉኝ። ይኼው ነው። የደብል ክሊኩን ፍጥነት ከማውዝ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ መቀነስም ይቻላል። እነዚያ ሁሉ ፈጣን ልጆች ይህን ያላዩት ማውዙ ምንጊዜም በእነሱ እጅ ስለነበረ ነው።

ከሲፒዩ መጀመር

ሥልጠና ተብሎ መምህራን ቅዳሜ ጠዋት ይሰበሰባሉ። የመጀመሪያው ስላይድ የኮምፒውተር ታሪክ፣ ሁለተኛው የኮምፒውተር ክፍሎች። ሻይ እረፍት ሲደርስ ገና ሃርድዌርና ሶፍትዌር እየተለየ ነው። መምህሩ ግን ሰኞ ጠዋት የሚገባበት ክፍል አለው። የሴሚስተሩ ማርክ አልተደመረም፣ ሮስተሩ (የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያው) ይጠብቀዋል። ከዚያ ጀምሩለት! ለእርማትና ለድምር ሌሊቱን የሚያመሽ ሰው ኤክሴል ስልሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ ሲደምርለት ሲያይ ሌላ ማሳመኛ አይፈልግም።

ሮስተር ካነሳን አይቀር፣ አንድ ስህተት ግን የልጆችን ውጤት ስለሚያበላሽ ጠበቅ አድርጋችሁ አስተምሩ። ደረጃ ለማውጣት የራንክ ቀመር ይጻፋል። ቀመሩ የመጀመሪያዋን ተማሪ አማካይ ከስልሳው ተማሪ ጋር ያነጻጽራል፤ እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ መምህሩ ቀመሩን ወደ ታች ይጎትተዋል። የዶላር ምልክቱ ($) ካልገባበት የሚነጻጸርበት ክልልም አብሮ ይወርዳል። ሁለተኛው ልጅ ከሃምሳ ዘጠኝ ጋር፣ ሦስተኛው ከሃምሳ ስምንት ጋር እያለ ይሄዳል። የመጨረሻዋ ልጅ ከራሷ በቀር የምትነጻጸርበት የለም። ስለዚህ 1ኛ ትወጣለች! ስሟ በፊደል ተራ መጨረሻ ላይ ስለዋለ ብቻ። ወላጅ ካርድ ሊቀበል መጥቶ ክርክር ሲነሳ አይቻለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀመሩ ውስጥ ክልሉን መርጦ የዶላር ምልክቱን የሚያስገባውን ኤፍ 4ን መጫን ነው። በአንዳንድ ላፕቶፕ ኤፍኤን የሚለውንም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ የመጨረሻውን ተማሪ ደረጃ በዓይን ማረጋገጥ። የሁለቱ 1ኛዎች ነገር የሚታየው እዚያ ጋ ነው።

ኢንተርኔት ይኖራል ብሎ ማሰብ

ዩቲዩብ ላይ የተንጠለጠለ ትምህርት ኔትወርኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ኢንተርኔት ያለበት ቀን የምናወርድበት፣ የሌለበት ቀን የምናስተምርበት ይሁን። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ፌት የሚባሉ የሳይንስና የሒሳብ ሲሙሌሽኖች ወርደው ከፍላሽ ላይ በብሮውዘር ይከፈታሉ። ባትሪ፣ አምፖልና ሽቦ ለሌለው የፊዚክስ ክፍል የኤሌክትሪክ ዑደቱ ሲሙሌሽን ትልቅ ነገር ነው። ተማሪው ሽቦውን ይቀጥላል፣ አምፖሉ ይበራል፣ አምፔሩን ያነባል። ለሒሳብ ጂኦጀብራ የሚባል ፕሮግራም አለ። ኪዊክስ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ኮሊብሪ የሚባለው የትምህርት ማከማቻ ደግሞ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በላቡ ኔትወርክ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች ይደርሳል። አራቱም በነጻ ይገኛሉ። መምህሩ በራሱ ላፕቶፕ ላይ፣ ዋይፋዩን አጥፍቶ፣ አንድ ጊዜ ካልከፈተው ግን «ጭኜለታለሁ» አትበሉ።

ክፍሉን ሳያዩ መዘጋጀት

አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው። ፕሮጀክተር ፍለጋ አሥር ደቂቃ ከሄደ፣ ገመዱ አልገጥም ብሎ ሌላ አሥር ከሄደ፣ ተማሪው የሚያስታውሰው ገመዱን ብቻ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ፣ የድሮው ፕሮጀክተር ቪጂኤ ነው፤ መቀየሪያዋን ከፕሮጀክተሩ ቦርሳ ውስጥ እሰሩት። ምስሉ ካልወጣ የዊንዶውስና የፒ ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን። የባሕር ዳር ፀሐይ በምሥራቅ መስኮት ሲገባ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ምንም አይታይም፤ መጋረጃ ከሌለ ትምህርቱን ለከሰዓት አዙሩት ወይም ፀሐይ የማያገኘውን ግድግዳ ተጠቀሙ።

መብራት ሲሄድ የፕሮጀክተሩ ማቀዝቀዣም አብሮ ይቆማል፣ አምፖሉ ግን እንደጋለ ነው። መብራት እንደመጣ ወዲያው አታብሩት፤ ይብረድለት። አምፖሉ ውድ ነው፣ በቀላሉም አይገኝም። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከሶኬቱ ንቀሉ።

«ፎርማት ይደረግ»

ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ማን እንዳስለመደን አላውቅም፣ ለሁሉም ችግር መልሳችን ፎርማት ሆኗል። በዚያ ፍላሽ ላይ የአንድ መምህር የዓመታት ፈተና፣ ወርክሺት፣ የማስተርስ ጽሑፉ ሳይቀር ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አጽዱ፣ የተደበቁት ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፣ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ፎርማት ከዚያ በኋላ፣ ያውም ባለቤቱን ጠይቃችሁ።

የአማርኛ ፊደሉን ችላ ማለት

መምህሩ ቤቱ የጻፈው የአማርኛ ፈተና ትምህርት ቤት ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ምክንያቱ የድሮዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሎቻችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር የሚያሳየው ታች ያለውን ላቲን ነው። ፊደላችን የዓለም ፊደላት ሁሉ በየራሳቸው ቦታ በሚቀመጡበት የኮምፒውተር ደረጃ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬም በድሮው ፎንት የሚጻፍ ፈተና ማየቴ ያሳዝነኛል። በዩኒኮድ ይጻፉ፤ ለማተም ሲልኩ ደግሞ ፒዲኤፍ ያድርጉት።

ተዘጋጅቶ ያለቀ ስላይድ ማሸከም

በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ የነበሩ መምህራን አሁንም ክፍል ውስጥ አሉ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይነግራል። ማቆም፣ መመለስ፣ «ገባችሁ?» ማለት አይቻልም ነበር። መምህሩ ጥግ ይዞ ይቆማል። ቴሌቪዥኑ የእሱን ቦታ ሲወስድ ያየ ሰው ላፕቶፕ ይዘን ስንመጣ ቢጠራጠር እውነት አለው። እንዲህ ያሉ መምህራንን «ለውጥ አይቀበሉም» ማለት በደል ነው። ልምዳቸውን ጠይቋቸው። ብዙ ታተርፋላችሁ።

ለእነዚህ መምህራን የሚሰጠው ነገር በእጃቸው የሚቆምና የሚሄድ መሆን አለበት። አንድ የጂኦግራፊ መምህር ከጎግል ኧርዝ የጣናን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በተለያዩ ዓመታት የሚያሳዩ ምስሎችን አስቀምጦ ይዞ ገባ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ሐይቁ ላይ ከመታየቱ በፊት ያለውን ምስል መጀመሪያ አሳየ። ቀጥሎ የኋለኛውን አሳየና እዚያው አቆመው። «ይህ አረንጓዴ ምንድን ነው?» ሲል አንዱ ልጅ «ሩዝ ነው» አለ፤ ፎገራ ዘመድ ያለው ነው። ሌላዋ «ሩዝ ውሃው ላይ ምን ይሠራል?» ብላ ተነሳች። ክርክሩ ደወሉ እስኪደወል ቆየ። ስላይድ አልነበረም፤ የነበሩት ጥቂት ምስሎችና ጥሩ ጥያቄ የሚያውቅ መምህር ናቸው።

ሰርተፊኬት ሰጥቶ መጥፋት

ሥልጠናው ያልቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል፣ አሠልጣኙ ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው ግን መምህሩ ብቻውን ተማሪ ፊት ሲቆም ነው። ስለዚህ ከሥልጠናው በኋላ ባለው ሳምንት ሄዳችሁ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ ካልተጠራችሁ አትነሱ። ከትምህርቱ በኋላ «የቱ ጋ አስቸገረዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። እግረ መንገዳችሁን በየትምህርት ክፍሉ ቶሎ የገባቸውን መምህራን ለዩ። ሰው ከእኛ ይልቅ አጠገቡ ያለውን ባልደረባውን ሳያፍር ይጠይቃል።

ደቅ ደሴትን ለመሰለ በጀልባ ለሚደረስበት ቦታማ ይህ የግድ ነው። እዚያ ማክሰኞ ለተበላሸ ነገር ማክሰኞ መድረስ አይቻልም።

ላቡን ቆልፎ መያዝ

ዕቃ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ ሲሆን ግን፣ ያ ሰው ለስብሰባ ክፍለ ከተማ በሄደ ቁጥር ተሰልፎ የመጣ ተማሪ ከበር ይመለሳል። ሁለት ሦስቴ የተመለሰች መምህርት በሌሰን ፕላኗ ላይ ላብ የሚለውን ቃል ዳግም አትጽፈውም። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋገሩና ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጹ። ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ፣ አጠገቡም የፊርማ መዝገብ ይኑር፤ ማን ወሰደ፣ በስንት ሰዓት ወሰደ፣ በስንት ሰዓት መለሰ። የኮምፒውተሮቹ የይለፍ ቃልም መዝገቡ ሽፋን ውስጥ ይጻፍ።