ከሩቅ ሆኖ ሌላ ሰው የሳንባ አልትራሳውንድ እንዲያነሳ እንዴት ይመራል?

እ.ኤ.አ. በ2004 ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የነበሩት ማይክ ፊንክ እና ጌናዲ ፓዳልካ ሐኪሞች አልነበሩም። ግን አልትራሳውንድ አነሱ። ፕሮቡን (ቆዳ ላይ የሚደረገውን የመሣሪያውን ክፍል) እነሱ ይዘው፣ ምድር ላይ ያሉ ባለሙያዎች ምስሉን እያዩ በቃል መሯቸው። ዛሬ ፕሮቡ ኪስ ውስጥ የሚገባና ከስልክ ጋር የሚሠራ ሆኗል። ስለዚህ በሽተኛው አጠገብ ያለ የቤተሰብ አባልም በዚያው መንገድ ሊሠራ ይችላል።

ሳንባ ለዚህ ይመቻል። ሰፊ ነው፣ ከቆዳ ብዙም አይርቅም፣ የሚፈለጉት ምልክቶችም ጥቂት ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። መሪው እጅ የለውም፤ ያለው ቃል ብቻ ነው። ምስሉን ማንበብ የምታውቁ ባለሙያዎች ሆናችሁ ሌላውን ልትመሩ ከሆነ፣ ቅደም ተከተሉ ይኸውላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

መሣሪያው ላይ "ሳንባ" የሚለው ምርጫ ካለ እሱን አስመርጡ። ጠመም ያለ ፊት ያለው ፕሮብ (ኮንቬክስ) ለጀማሪ ይሻላል። የምስሉ ጥልቀት ለአዋቂ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይሁን። ጄል በብዛት ይቀባ። በሽተኛው እንደሚመቸው ይቀመጥ ወይም ጋደም ይበል፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው በግድ አታስተኙት።

እናንተ ሁለት ነገር ማየት አለባችሁ፦ የአልትራሳውንዱን ምስልና ፕሮቡን የያዘውን ሰው እጅ። እጁን ሳታዩ መምራት በጨለማ መንገድ እንደማሳየት ነው። ሌላ ስልክ በቪዲዮ ጥሪ የበሽተኛውን ደረት እንዲያሳይ አስደርጉ። በስልኩ የጀርባ ካሜራ ይቀረጽ፤ የፊት ካሜራ ምስሉን እንደ መስታወት ሊገለብጠው ይችላል።

ቃላቱን ተስማሙ

እኔ ከሁሉም በላይ የምለፋው እዚህ ላይ ነው። "ትንሽ ወደ ቀኝ" አትበሉ። የማን ቀኝ? የእናንተ? የበሽተኛው? የስክሪኑ? አቅጣጫው ሁልጊዜ ከበሽተኛው ሰውነት ይነሣ፦ ወደ ራስ፣ ወደ እግር፣ ወደ ደረት መሃል፣ ወደ ጀርባ። በፕሮቡ አንድ ጎን ላይ ነጥብ ወይም ጭረት አለ። እሱም ሁልጊዜ ወደ ራስ ይመልከት።

አራት እንቅስቃሴዎች ይበቃሉ። ማንሸራተት፦ ፕሮቡ ቆዳው ላይ ቦታ ይቀይራል። ማዘንበል፦ ጫፉ ካለበት አይነሳም፣ እጀታው ብቻ ጋደል ይላል። ማዞር፦ እንደ ቁልፍ። መጫን። ጥሪው ሳይሞቅ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አንድ አንድ ጊዜ አሠሯቸው።

በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ ስጡ። "የግማሽ ጣት ያህል ወደ ራስ ያንሸራትቱ።" ከዚያ ዝም በሉ። ምስሉ በኔትወርክ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ቶሎ ደግማችሁ ከተናገራችሁ እጁ ያልፋል። ለማስቆም "ይቁሙ" አትበሉ፣ ሰው ከወንበሩ ሊነሳ ይችላል። "እዚያው ይያዙት" በሉ።

የመጀመሪያውን ምስል ማግኘት

ከደረቱ የላይኛው ፊት ጀምሩ፣ ከአንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት ትንሽ ዝቅ ብሎ። በስክሪኑ ግራና ቀኝ ሁለት የጎድን አጥንቶች ከነጥቁር ጥላቸው መታየት አለባቸው። በመካከላቸው፣ በአዋቂ ሰው ከጎድን አጥንቱ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ የደመቀ ነጭ መስመር አለ። እሱ የሳንባው ሽፋን ነው። አንድ ላይ ሲታዩ ክንፏን የዘረጋች የሌሊት ወፍ ይመስላሉ። ለሰውየውም እንዲህ ብላችሁ ንገሩት፤ ምን እንደሚፈልግ ካወቀ እጁ ይረጋጋል።

ስክሪኑ ባዶ ከሆነ ጄል አንሷል ወይም ፕሮቡ ቆዳውን በደንብ አልነካም። ጥላ ብቻ ከታየ አጥንት ላይ ነው፣ ወደ ራስ ወይም ወደ እግር ትንሽ ይንሸራተት። መስመሩ ከደበዘዘ በጣም ቀስ ብሎ ያዘንብል፤ መስመሩ ከሁሉም በላይ ሲደምቅ "እዚያው ይያዙት"።

ስምንቱ ቦታዎች

በእያንዳንዱ ጎን አራት፦ ፊት ለፊት ከላይና ከታች፣ በብብት በኩል ከላይና ከታች። ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ። በየቦታው አንድ ሙሉ ትንፋሽ የሚይዝ አጭር ቪዲዮ ይቀረጽ፣ ስድስት ሰከንድ ያህል። የቦታው ስም ወዲያው ይጻፍበት።

ቪዲዮው መሣሪያው ላይ መቀመጡን አረጋግጡ። በጥሪው የምታዩት ምስል ስለሚታመቅና ስለሚቆራረጥ፣ የሚንሸራተት ሳንባ የቆመ ሊመስል ይችላል። ፍርዳችሁን የተቀረጸውን ካያችሁ በኋላ ስጡ።

ምን እንፈልጋለን?

አልትራሳውንድ አየርን አያልፍም። ስለዚህ ጤነኛ ሳንባ የሚያሳየን ነጸብራቅ ነው፦ ከሽፋኑ በታች እኩል ርቀት ላይ የሚደጋገሙ አግድም መስመሮች። ኤ መስመሮች ይባላሉ። ሽፋኑም ከትንፋሹ ጋር ወዲያ ወዲህ ሲንሸራተት ይታያል። መንሸራተቱ ከጠፋ አየር ከሳንባ ውጭ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን በሽተኛው ትንፋሹን ይዞም ይሆናል። መጀመሪያ "ይተንፍሱ" በሉት።

ቢ መስመሮች ግን ከሽፋኑ ተነሥተው እስከ ስክሪኑ ግርጌ የሚወርዱ ቁም ነጭ ጨረሮች ናቸው። አንድ ሁለት ቢታዩ አያስደነግጥም። በሁለት ጎድን አጥንቶች መካከል ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን የሳንባው ሕብረ ሕዋስ ውሃ ይዟል ወይም ተቆጥቷል ማለት ነው። የልብ ድካም፣ የሳንባ ምች፣ የሳንባ ጠባሳ ሁሉም ሊያመጡት ስለሚችሉ፣ የት እንደበዙ ማየትና የሕመሙን ታሪክ መጠየቅ ግድ ነው። በጎን በታችኛው ቦታ ላይ ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በላይ ጥቁር ክፍተት ከታየ ደግሞ ሳንባውን የከበበ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል።

ፕሮቡን የያዘው ሰው

ምናልባት የገዛ እናቱን ደረት እያየ ነው። ድምፃችሁን ይሰማል፣ ዝምታችሁንም ይተረጉማል። ስትጠብቁ "እያየሁ ነው፣ ጥሩ ይዘኸዋል" በሉት። ያያችሁትን በየመሃሉ አትናገሩ። ስምንቱም ካለቁ በኋላ፣ ፕሮቡ ተቀምጦ ጄሉ ከተጠረገ በኋላ፣ ለበሽተኛዋም ለእሱም አንድ ላይ ንገሯቸው።

አንድ ነገር ግን ሥራውን ያስቆማል። በሽተኛዋ ቃል ሳትጨርስ ትንፋሽ ካጠራት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘች፣ የቀሩት ቦታዎች ይቅሩ። ፕሮቡን አስቀምጦ አምቡላንስ ይጥራ፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ እናንተ ከመስመሩ አትውጡ።