መመሪያ ለምታረቁ፦ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ዓመታት የመንግሥት መሥሪያ ቤት መመሪያ ሳረቅቅ ኖሬአለሁ። አዲስ ለገባችሁ ልጆች ነው የምጽፈው፤ እኛ ያጠፋነውን ስትደግሙት ማየት ያመኛል።

ወጪውን ሳያሰሉ ግዴታ መጻፍ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። "አመልካቹ ተጨማሪ ማስረጃ ያቀርባል" ማለት ለእኛ አንድ መስመር ነው። ለባለሱቁ ግን ሱቅ ዘግቶ ወረዳ መሄድ፣ ማኅተም የያዘችው ስብሰባ ገብታለች ተብሎ ነገ መመለስ፣ የታክሲ፣ የፎቶ ኮፒ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ትንንሽ ዳቦ ቤቶች አንድ መሣሪያ እንዲገዙ የሚያስገድድ አንቀጽ አስገባሁ፤ ዋጋውን ግን አልጠየቅኩም። በውይይቱ ቀን አንድ አባት ተነሥተው "ልጄ፣ ይሄን ለመግዛት ምድጃዬን ልሽጠው?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። አንቀጹን በዚያው ሳምንት ሰረዝነው፤ ጥያቄያቸው ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ግዴታ ከመጻፌ በፊት ስንት ሰው ይነካል፣ እያንዳንዱ ስንት ብርና ስንት ቀን ያወጣል፣ ችግሩ ባነሰ ወጪ አይፈታም ወይ ብዬ ወረቀት ላይ አሰላለሁ።

ውይይትን ለይስሙላ ማድረግ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ረቂቁ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያስገድዳል። አርባ ገጽ አዳራሽ በር ላይ አድሎ ከሻይ ዕረፍት በኋላ "አስተያየት ያለው?" ማለት ውይይት አይባልም። ሰው አንብቦ፣ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ተማክሮ ይምጣ። ያልተቀበላችሁትን አስተያየት ደግሞ ለምን እንደተዋችሁት ጻፉ።

በደብዳቤ ግዴታ መጫን። መመሪያ ማውጣት ይረዝማል ተብሎ ሰርኩላር ይበተናል። ፍትሕ ሚኒስቴር ያልተመዘገበ መመሪያ እንኳ ተፈጻሚነት የለውም፤ ደብዳቤው ከየት አምጥቶ ያስገድዳል? ነጋዴው ግን ይሄን ስለማያውቅ ይከፍላል።

መመሪያውን እንድታወጡ የፈቀደላችሁ አዋጅ ያልሰጣችሁን ሥልጣን በመመሪያ አትውሰዱ።

"ከዛሬ ጀምሮ" ማለት። ዕቃው ጅቡቲ የደረሰበት አስመጪ ያዘዘው በትናንቱ መመሪያ ነው፤ በቂ የመሸጋገሪያ ጊዜ ስጡት።

በመጨረሻም አሮጌውን ሳይነኩ አዲስ መደረብ። ሦስት ፎርም ላይ ተመሳሳይ ስም፣ ተመሳሳይ የግብር ከፋይ ቁጥር የምናስሞላው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ፎርም ስታስገቡ የትኛው አሮጌ ፎርም እንደሚቀር እዚያው ረቂቁ ላይ ጻፉት።