የጅረት ነፍሳት ተመራማሪ መሆን ለምትፈልጉ፦ ከየት ይጀመራል?

መጀመሪያ ድንጋይ ገልብጡ። ዩኒቨርሲቲ ከመምረጣችሁ በፊት፣ ለፕሮፌሰርም ኢሜይል ከመላካችሁ በፊት፣ ውሃው ከጉልበት የማያልፍ ጅረት ውስጥ ግቡና ቡጢ የሚያህል ድንጋይ አንሡ። ሥሩን ወደ ላይ አዙሩት። መጀመሪያ ጭቃ ብቻ ነው የሚመስለው። ትንሽ ታገሡ። ከጭቃው አንዷ ነጥብ መሮጥ ትጀምራለች፣ ጠፍጣፋ ነች፣ ድንጋዩ ላይ ልጥፍ ብላ ወደ ጥላው ትሸሻለች። ነጭ ትሪ ላይ ውሃ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ጨምሯት። አሁን ጭራዋ ይታያል፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ነው፤ ከሆዷ ግራና ቀኝም እንደ ቅጠል የሳሱ መተንፈሻዎች ይርገበገባሉ። ሜይፍላይ የምትባለው በራሪ ነፍሳት እጭ ናት። እሷን እያያችሁ ሰዓቱ ካለፈባችሁ ይህ ሙያ ይሆናችኋል።

ቀጥሎ ስም መለየት ተማሩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ተማሪ ዘሎት ወደ ኮምፒውተሩ ስለሚሮጥ ነው። በሦስት ወገኖች ጀምሩ፦ ሜይፍላይ፣ ስቶንፍላይ፣ ካዲስፍላይ። ስቶንፍላይ ሁለት ጭራ አላት፤ ግን አንዳንድ ሜይፍላይም ሁለት ጭራ ስላላት በጭራ ብቻ አትፍረዱ። ጥፍር ቁጠሩ። የሜይፍላይ እግር ጫፍ ላይ አንድ ጥፍር አለ፣ የስቶንፍላይ ላይ ሁለት። ካዲስፍላይ ደግሞ ትል ትመስላለች፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከአፋቸው በሚያወጡት ሐር አሸዋና ስንጥር እያያያዙ የሚኖሩበትን ቤት ይሠራሉ። ጠጠር የመሰላችሁ ነገር መራመድ ከጀመረ እሷ ናት።

ሦስቱ አብረው የሚቆጠሩት አብዛኞቹ ዝርያዎቻቸው የተበከለና ኦክስጅን ያነሰው ውሃ ስለማይስማማቸው ነው። እነሱ ጠፍተው ቀያይ የካይሮኖሚድ (ትንኝ የሚመስሉ ትንንሽ ዝንቦች) እጮች ብቻ ከበዙ ጅረቱ ችግር ላይ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ቅላታቸው ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው፣ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ የሚያኖራቸውም እሱ ነው። የአንድ ቀን የኬሚስትሪ ልኬት የሚነግራችሁ የዚያን ቀን ውሃ ነው። ነፍሳቱ ግን ወራት እዚያው ስለከረሙ ያለፈውንም ይናገራሉ።

ናሙና አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ መረብ ያዙ። መረቡን ውሃው ወደሚሄድበት በኩል አቁማችሁ ከፊቱ ያለውን የጅረቱን ወለል በእግር በጥብጡ፣ የተነቀሉት ነፍሳት ከውሃው ጋር ወደ መረቡ ይገባሉ። ደቂቃውን ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ግን ዋናው ነገር በየቦታው እኩል መሆኑ ነው። ብዙ ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ አለዚያ የበጠበጣችሁት ውሃ ቀጣዩን ቦታ ያበላሽባችኋል። ሙቀቱን፣ ኦክስጅኑን፣ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን እዚያው ለኩ። ብቻችሁን አትግቡ። ዝናብ ጥሎ ውሃው ከደፈረሰ ደግሞ ጭራሽ አትግቡ፣ ናሙናው ይቅርባችሁ።

ናሙናውን አልኮል ውስጥ ስትከቱ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ከነፍሳቱ ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሩት። በእርሳስ! እኔ አንድ ጊዜ በእስክሪብቶ ጽፌ የአንድ ሳምንት ድካሜን አልኮል አጥቦ ወስዶብኛል። ጠርሙሶቹ ተደርድረዋል፣ ነፍሳቱም አሉ፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ የለም። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ከዚያ ላብራቶሪ ነው። ወረንጦ፣ ማይክሮስኮፕና ብዙ ትዕግሥት። አንድ ናሙና ቀን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። ከ2003 ወዲህ በአጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ዝርያ የመለየት ዘዴ በሰፊው ገብቷል፣ ተማሩት። ነገር ግን ውጤቱ የሚነጻጸረው አንድ ሰው በዓይኑ አይቶ በትክክል ከሰየመው ናሙና ጋር ነው፣ ስለዚህ ዓይናችሁን ማሠልጠን አይቀርላችሁም።

የምርምር ጥያቄ ስትመርጡ የ1980ውን የወንዝ ቀጣይነት ጽንሰ ሐሳብ አንብቡ። በአጭሩ፣ ዛፍ ያጠለለው ትንሽ ጅረት የሚበላው ከዳር የሚወድቀውን ቅጠል ነው፣ ስለዚህ ቅጠል ቆራጭ ነፍሳት ይበዙበታል። ወንዙ ሲሰፋ ፀሐይ ይገባና አልጌ ጋጮች ይመጣሉ። ታች ደግሞ ከላይ የተረፈውን ብናኝ የሚለቅሙ ይበዛሉ። ሁሉም ወንዝ እንዲህ አይደለም፣ ለምርምር የሚመቸውም ይኸው ነው። ርካሽ ሙከራ ከፈለጋችሁ ደረቅ ቅጠል መዝናችሁ ግማሹን ቀዳዳው ሰፊ በሆነ ከረጢት፣ ግማሹን በጣም ጠባብ በሆነ ከረጢት አድርጉና ጅረት ውስጥ እሰሩት። ከሳምንታት በኋላ አድርቃችሁ ስትመዝኑ በሁለቱ መካከል የምታዩት ልዩነት ባብዛኛው የነፍሳቱ ሥራ ነው። ጥሩ የማስተርስ ጽሑፍ ከዚህ ይወጣል።

የሥራ እድገቱ መንገድ እንደሌላው ሳይንስ ነው፦ ማስተርስ፣ ዶክትሬት፣ ብዙ ጊዜም ድኅረ ዶክትሬት፣ ከዚያ ረዳት፣ ተባባሪና ሙሉ ፕሮፌሰር። አማካሪ ስትመርጡ የጽሑፉን ብዛት ብቻ አትዩ፣ ተማሪዎቹን ለብቻቸው አግኝታችሁ ጠይቁ። ፕሮፌሰሩ አሁንም ውሃ ይገባል? ረቂቅ ስትልኩለት በስንት ጊዜ ይመልሳል? የተማሪውን ስም ጽሑፉ ላይ ያስቀድማል? ከተቀጠራችሁ በኋላ ስብሰባው፣ ፈተና እርማቱና የገንዘብ ማመልከቻው ቀናችሁን ይበላዋል። በወር አንድ ቀን የመስክ ብላችሁ ዝጉ፣ ማንም አይንካው። በዚያ ቀን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጅረት ሂዱ። የሦስት ዓመት መረጃ ከድርቅ ዓመት ጋር ከተገጣጠመ ያሳስታችኋል፣ የሃያ ዓመት መረጃ ግን ሌላ ሰው ሊሠራው የማይችለው የእናንተ ብቻ ሀብት ነው።

ጡረታ እስክትወጡ ሳትጠብቁም ናሙናችሁን ለሙዚየም አስረክቡ። የቢሮ መደርደሪያ ላይ የቀረ ጠርሙስ አልኮሉ ተንኖ ይደርቃል።