ተማሪው «ሁለቱም ይንሳፈፋሉ» ብሎ ሲጽፍ

ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ማንታ ሬይንና ሳርጋሰምን አወዳድሩ ስላቸው፣ ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆቼ እነዚህን ስህተቶች ይደጋግማሉ። ግዙፉ ማንታ ከክንፍ እስከ ክንፍ 7 ሜትር ሊደርስ የሚችል ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ሳርጋሰም ደግሞ አትላንቲክ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚኖር ቡናማ አልጌ ነው።

ምልክት፦ «ሁለቱም ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ።»

ምክንያት፦ ልጁ በሥዕል ያየው ሁለቱንም ውኃ መሃል ተዘርግተው ነው። ምን እንደያዛቸው አላየም።

መፍትሔ፦ ከጣና ዳር ከጎርጎራ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ግዙና ክፍል ውስጥ ክፈቱት፤ ሆዱ ያልጸዳ ቢሆን ይመረጣል። ከአከርካሪው ሥር ነጣ ያለች የአየር ከረጢት አለች። ተማሪው በጣቱ ይጫናት፤ እንደ ፊኛ መልሳ ስትገፋው ይሰማዋል። ያኔ «ማንታ ይህቺ የለችውም» በሉት። አጽሙ ቀለል ያለ ልም አጥንት፣ ጉበቱም ቅባታም ቢሆን፣ ከባሕር ውኃ ይከብዳል፤ ክንፉን ማርገብገብ ካቆመ ይሰምጣል። በስንጥቡ የሚያልፈውን ውኃ የሚያገኘውም እየዋኘ ነው። ስለዚህ ማንታ ይዋኛል እንጂ አይንሳፈፍም። የሚንሳፈፈው ሳርጋሰም ነው፤ ቅርንጫፎቹ ላይ ሽምብራ የሚያካክሉ፣ አየር የቋጠሩ ፍሬ መሳይ ኳሶች አሉት። ልጆቹ ፍሬ ነው ይላሉ፤ ፍሬ አይደለም።

ምልክት፦ «ሳርጋሰም እንደ እምቦጭ ሥሩን ውኃ ውስጥ የሰደደ ተክል ነው።»

ምክንያቱ ጣና ነው። ልጆቹ የሚያውቁት ተንሳፋፊ እምቦጭን ስለሆነ ይህን ስንፍና ብዬ ቀይ እስክሪብቶ አላነሳም። አንድ የእምቦጭ አገዳ ለሁለት ሰንጥቃችሁ አሳዩ፦ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ አየሩ እዚያ ተበትኗል። ሥር፣ አበባና ዘር ያለው እውነተኛ ተክል ነው። ሳርጋሰም ሦስቱም የሉትም። ተንሳፋፊዎቹ ሁለት ዝርያዎች የሚራቡት ቁራጫቸው ተገንጥሎ ሲያድግ ነው። (የሌሎቹ ሳርጋሰሞች ኑሮ ግን ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ነው።) እምቦጩን ስትጨርሱ አድርቃችሁ አቃጥሉት፤ ውኃ ውስጥ እንዳትመልሱት አደራ።

ምልክት፦ «ማንታ በጅራቱ ይናደፋል።»

ምክንያቱ ዘመዶቹ ናቸው፤ መርዛም እሾህ ያላቸው ሬዮች አሉ። ማንታ ግን አይናደፍም፤ ፕላንክተን (ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) ከውኃ እያጣራ ይበላል። እንቁላልም አይጥልም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ይወልዳል። ዓሣ ሁሉ እንቁላል የሚጥል የሚመስለው ልጅ ካለም እዚሁ ላይ አርሙት።