ሞዘል ወንዝ ዳር ባለኮከብ ምግብ ቤት ለመብላት፦ ከደብረ ብርሃን ለሚነሳ ሰው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ ቡና ላይ ያዘችኝ። ልጇ ጀርመን ነው የሚኖረው፤ የግብዣ ወረቀት ልኮላት ልትሄድ ነው። "ሞዘል የሚባል ወንዝ ዳር ወስጄ ኮከብ ያለው ምግብ ቤት አበላሻለሁ ይለኛል። እንደው እዚያ የሚበላው ምንድን ነው? ጾም ቢሆንስ? አሳማ ቢያቀርቡልኝስ?" አለችኝ። እኔ ትሪር ከተማ ተምሬ ስለተመለስኩ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳም ብትሉ ልጁ ወይ እህቱ ጀርመን ያለች ሰው አይጠፋም። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር፦ እነዚህ ቤቶች ውስጥ ይሉኝታ አያዋጣም። እኛ ሰው ቤት ስንሄድ የቀረበልንን ነው የምንበላው። አልበላም ማለት ነውር ነው፤ ባለቤቷም "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" እያለች ታጎርሳለች። እዚያ ግን ምግብ ሠሪው ምን እንደማትበሉ ከቀናት በፊት ማወቅ ይፈልጋል። ከነገራችሁት አስቦበት ሌላ ነገር ይሠራላችኋል። ዝም ካላችሁ ደግሞ ለሁሉም የተዘጋጀው ይመጣል፣ ትታችሁትም ሙሉ ዋጋ ትከፍላላችሁ።

ይሄ በእኔ ላይ ደርሷል። መጀመሪያ ጊዜ አንድ ቤት ቦታ ስይዝ ቀኑ ዓርብ ነበርና "ሥጋ አልበላም" ብዬ ጻፍኩ። አምስት ሳህን መጣ። አምስቱም ቅቤ ወይ ክሬም ወይ አይብ ነበረበት። አጥፍተዋል ማለት አልችልም፤ በእነሱ አገር ሥጋ አልበላም ያለ ሰው ወተትና እንቁላል ይበላል ማለት ነው። ዳቦ በልቼ ከፍዬ ወጣሁ፤ ለምርቃቴ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ቦታው። ሞዘል ከፈረንሳይ ተራሮች ይነሳል፣ ጀርመንንና ሉክሰምበርግን እየለየ ይወርዳል፣ ትሪርን ያልፋል፣ ከዚያ እየተጠማዘዘ ኮብሌንዝ ላይ ራይን ወንዝ ይገባል። ግራና ቀኙ ወይን ነው። ዳገቱ የእኛን የጣርማበርን ገደል ያስታውሳል፤ ብሬም የምትባለው መንደር ላይ ያለው ካልሞንት የሚባል የወይን እርሻ እስከ 65 ዲግሪ ይቆማል፣ አውሮፓ ውስጥ በጣም ቀጥ ካሉት አንዱ ነው። መሬቱ ሽፈር የሚሉት ስስ ስስ ሆኖ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልሰዋል፣ ወይኑም በብርድ አገር የሚበስለው በዚህ ነው። ሮማውያን እዚህ ወይን ጠምቀዋል። ፒስፖርት መንደር የወይን መጭመቂያቸው ተቆፍሮ ወጥቷል፣ ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

ስለ ኮከቡ ደግሞ አንድ ስህተት ላርም። ብዙ ሰው እንደ ሆቴል ኮከብ አምስት ድረስ ይመስለዋል። ይሄ ሚሽላን የሚባለው የጎማ ኩባንያ የሚሰጠው ነው፣ መጨረሻው ሦስት ነው። የሚሰጠውም ለምግቡ እንጂ ለወንበሩና ለመጋረጃው አይደለም። አንድ ኮከብ ካለው በጣም ጥሩ ነው። ሁለት ካለው መንገድ ቀይሮ ጎራ ማለት ይገባል። ሦስት ካለው ለእሱ ብሎ መጓዝ ይገባል ማለት ነው። በየዓመቱ ስለሚታደስ ከመያዛችሁ በፊት የዓመቱን ዝርዝር እዩ።

በዚህ ወንዝ አካባቢ ባለሦስት ኮከብ የሆኑ ሦስት ቤቶች አሉ። ለትንሽ ገጠር አገር ይሄ ብዙ ነው።

አንዱ ቫልድሆቴል ሶኖራ ነው። ቪትሊሽ አጠገብ ድራይስ የምትባል መንደር፣ ጫካ ዳር። ስሙን ያስጠራው ሄልሙት ቲልትገስ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ወጥ ቤቱን ክሌመንስ ራምቢሽለር ተረከበ። የቤቱ ዝነኛ ምግብ ምን መሰላችሁ? በደቃቁ የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ፣ ከሥሩ የተጠበሰ ድንች፣ ከላዩ ካቪያር፣ ማለትም የዓሣ እንቁላል። ክትፎ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም።

ሁለተኛው ሻንዝ ነው፣ ፒስፖርት ውስጥ። ቶማስ ሻንዝ ሶኖራ ውስጥ ሠርቶ ነው ወደ ቤተሰቡ ቤት የተመለሰው፣ ሦስተኛውን ኮከብ በ2022 እ.ኤ.አ. አገኘ። በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ የሚያቀርበው የትሩፍል ምግብ ይታወቃል። ትሩፍል ከመሬት ውስጥ የሚወጣ እንጉዳይ ነው፤ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ትንሽ ይበቃል።

ሦስተኛው ፔርል ኔኒሽ ላይ ያለው የክሪስቲያን ባው ቤት ነው። የፈረንሳይ አሠራር ከጃፓን ጋር የተዋሐደበት፣ ዓሣና የባሕር ነገር የሚበዛበት ነው። ከፔርል ወንዙን ስትሻገሩ ያለችው የሉክሰምበርግ መንደር ሼንገን ትባላለች። አዎ፣ ያቺ ኤምባሲ በር ላይ የምታሰልፈን ቪዛ ስሟን ያገኘችው ከዚህች ነው፤ ስምምነቱ በ1985 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሞዘል ላይ መርከብ ውስጥ ተፈረመ። እግር ከጣላችሁ ሂዱና ፎቶ ተነሱ።

ዋጋውን አልደብቅም። ባለሦስት ኮከብ ቤት ሙሉ ማዕድ ለአንድ ሰው ከ250 ዩሮ በላይ ነው፣ ያውም መጠጥ ሳይጨመር። አንድ ኮከብ ያለው ጋ ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 200 ዩሮ ይሆናል። ምሳ የሚያቀርቡ ቤቶች ካሉ ምሳው ይረክሳል፣ ጠይቁ። ልጃችሁ ነው የሚከፍለው ብላችሁም ዋጋውን ሳታውቁ አትሂዱ፤ ምናልባት ባለአንዱ ኮከብ ይበቃችኋል።

ቀን አመራረጥ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙዎቹ ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። የቀራችሁ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሑድ ነው ማለት ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። እኔ ሐሙስን ነው የምመክረው። ከዓመቱ ግን ምርጡ በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ቀን እንደልባችሁ ነው፣ አየሩም ይሞቃል፣ ሽፓርገል የሚሉት ነጭ አትክልትም (አስፓራገስ) የሚበላው ያኔ ነው። የእሱ ወቅት በልማድ ሰኔ 17 አካባቢ ያበቃል። ለዚህ ሁሉ ከሁለትና ሦስት ወር በፊት ቦታ መያዝ አለባችሁ።

ቦታ የሚያዘው በድረ ገጻቸው ነው። ብዙዎቹ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ ሳትመጡ ብትቀሩ ወይ በመጨረሻ ሰዓት ብትሰርዙ ገንዘብ ይቆርጣሉ። ስለዚህ እዚያ ያለው ዘመድ በራሱ ካርድ ቢይዝ ይሻላል። ሰዓቱንም አጣሩ። 19 ኡር ካሉ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በቃል "ሃልብ አኽት" ካሏችሁ ደግሞ ስምንት ተኩል ሳይሆን ሰባት ተኩል ማለታቸው ነው፣ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። ዐሥር ደቂቃ ልትዘገዩ ከሆነ ደውሉ።

አሁን ዋናው ነገር፣ መልእክቱ። ስትይዙ "ማስታወሻ" የሚጻፍበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ። አሳማ ለማትበሉ "ካይን ሽቫይን" ነው፤ "አውኽ ካይነ ገላቲነ" ብላችሁ ጨምሩበት፣ ምክንያቱም ጣፋጮቹን የሚያረጋው ጄላቲን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ይወጣል። ሽሪምፕና ሎብስተር የመሳሰለውን የባሕር ነገር ለማትፈልጉ "ካይነ ሜረስፍሩሽተ" በሉ። ጥንቸል "ካኒንሸን" ነው። ቪልት የሚለውን ቃልም እወቁት፤ የዱር እንስሳ ማለት ነው፣ አጋዘንም የዱር አሳማም ይገባበታል፣ አካባቢው ጫካ ስለሆነ በመከር ጊዜ በብዛት ይቀርባል። የትኛው እንስሳ እንደሆነ ጠይቁ።

በጾም ቀን ከሄዳችሁ "እጾማለሁ" ብላችሁ አትጻፉ፣ ምንም አትበሉም ብለው ያስባሉ። "ቬጋን" በሉ። እሱንም ዘርዝሩት፦ "ኦነ ፊሽ፣ ኦነ አይ፣ ኦነ ቡተር፣ ኦነ ዛነ፣ ኦነ ኬዘ"፤ ያለ ዓሣ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ክሬም፣ ያለ አይብ ማለት ነው። መረቁም ከአጥንት እንዳይሆን ተናገሩ። አንዳንድ ቤት ቬጋን አንሠራም ብሎ ይመልሳል። ይሄ መልካም መልስ ነው፣ ቀን ትቀይራላችሁ ወይ ሌላ ቤት ትፈልጋላችሁ። በእንግሊዝኛ ብትጽፉም ይገባቸዋል። ከጻፋችሁ በኋላ ደግሞ የዚያን ቀን ስትቀመጡ በቃል አንዴ ድገሙት።

መንገዱ ቀላል ነው፣ ማታው ነው የሚያስቸግረው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ትበራላችሁ። ከዚያ ባቡር ወደ ኮብሌንዝ፣ ከኮብሌንዝ ወደ ትሪር የሚሄደው መስመር ላይ ቪትሊሽ ትወርዳላችሁ፤ ድራይስም ፒስፖርትም በታክሲ ነው። ገጠር ነውና ከራት በኋላ በር ላይ ቆሞ ታክሲ መጠበቅ አይቻልም፣ የመመለሻውን ቀን ሳለ ያዙት። ከሁሉ የሚሻለው እዚያው ማደር ነው፤ ሻንዝና የፔርሉ ቤት ሆቴል አላቸው። መኪና የሚነዳ ሰው ካለ አይጠጣ፤ ሕጉ በደም ውስጥ ያለ አልኮል ከ0.5 ፕሮሚል (ከሺህ 0.5) ጀምሮ ይቀጣል።

ልብስ ላይ አትጨነቁ። ንጹሕ ሸሚዝና ኮት ይበቃል፣ ጎረቤቴን ግን የሐበሻ ቀሚስሽን ልበሺ ብያታለሁ፣ ደግሞም ያምርባታል።

ስትቀመጡ ያላዘዛችሁት ትንንሽ ነገር ቀድሞ ይመጣል። "ግሩስ አውስ ደር ኩሸ" ይሉታል፣ ከወጥ ቤት የተላከ ሰላምታ ማለት ነው። አይከፈልበትም። ከዚያ ስድስት፣ ሰባት ሳህን በየተራ ይመጣል፣ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። ሳህኑ ላይ ያለው ትንሽ ነው፤ ግን መጨረሻ ላይ ትጠግባላችሁ፣ ስለዚህ በዳቦው አትጥገቡ። ሹካና ቢላዋ ከውጭ ካለው እየጀመራችሁ ወደ ውስጥ ነው። ስትጨርሱ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳህኑ ላይ አስተኙ፣ ያኔ ያነሱላችኋል። ማስታጠቢያ ይዞ የሚመጣ የለም፣ ቀድማችሁ ታጠቡ። ውሃም ይሸጣል፤ ጋዝ የሌለው ከፈለጋችሁ "ሽቲለስ ቫሰር" በሉ።

ወይኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሞዘል ሄዶ ወይኑን ሳይቀምሱ መመለስ ያሳዝናል። የአገሩ ወይን ሪዝሊንግ ነው፣ ነጭ ነው። ለጠጅ የለመደ ምላስ ወዲያው ይወደዋል፤ ጣፋጭነቱና ጎምዛዛነቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት። ጠርሙሱ ላይ "ትሮከን" ካለ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። "ፋይንሄርብ" ካለ መካከለኛ ነው። ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ የሚሉት ወይኑ ሲለቀም ምን ያህል በስሎ እንደነበር ይናገራሉ፣ ካቢኔት ቀላሉ ነው። ይሄ ሁሉ ከጠፋባችሁ የአልኮሉን ቁጥር እዩ። 8 በመቶ አካባቢ ከሆነ ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ሳይለወጥ ቀርቷል፣ ይጣፍጣል። 12 ከሆነ ደረቅ ነው። አስተናጋጁን "ጣፈጥ ያለ፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ" ብትሉት ደስ ብሎት ይመርጥላችኋል። ለማይጠጣ ሰው ትራውበንዛፍት አለ፣ የወይን ጭማቂ ነው። እኔ አንድ ጠርሙስ ካቢኔት ይዤ መጥቼ ለገና ከዶሮ ወጥ ጋር ጠጥተነዋል፤ በርበሬውን ያበርደዋል፣ እናቴ ሳትቀር ወዳዋለች።

ሒሳብ ሲመጣ ጉርሻ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ ሳይሆን ስትከፍሉ ድምሩን ትናገራላችሁ፤ 186 ቢመጣ "200" ትላላችሁ፣ እነሱም ያንን ይቆርጣሉ።

በማግስቱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ደስታ አለ። መንደሮቹ ውስጥ ስትሄዱ በር ላይ የተንጠለጠለ የቅጠል ጉንጉን ወይ መጥረጊያ ታያላችሁ። ሽትራውስቪርትሻፍት ይባላል። ወይን ገበሬው ቤቱን በዓመት እስከ 4 ወር ከፍቶ፣ ከ40 በማይበልጥ መቀመጫ፣ የራሱን ወይን ይሸጣል። እኛ ጠላ መድረሱን እንጨት ላይ ጣሳ ደፍተን እንደምናሳውቀው ማለት ነው። ዳቦ፣ አይብ፣ ድንች ይቀርባል፤ እዚህም አሳማውን ጠይቁ። ባለቤቷ ራሷ ትቀዳላችኋለች፣ ከየት መጣችሁ ትላለች፣ ብርድ አገር ነን ብላችሁ ስለ ደብረ ብርሃን ልታወሯት ትችላላችሁ።

ጎረቤቴ ሐሙስ ቀን መርጣለች፣ በዓለ ሃምሳ ውስጥ። መልእክቱን ከልጇ ጋር በስልክ አብረን ጻፍነው፦ ካይን ሽቫይን፣ ካይነ ሜረስፍሩሽተ። በማግስቱ መልስ መጣ፣ "ጥሬ ሥጋ ትበላላችሁ ወይ?" ብለው ጠይቀዋል። "እንዴታ በላቸው" አለችው።