በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው ለቆየ ሕመሙ ካሳ የሚጠይቀው እንዴት ነው?

በአሜሪካ ጦር አገልግለው ከተሰናበቱ የሀገራችን ልጆች መካከል ሌት ተቀን የሚጮኽ ጆሮ፣ ያልለቀቀ የወገብ ሕመም፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሳል ወይም እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት ይዘው ዝም ብለው የሚኖሩ አሉ። ቪኤ በሚል አጠራር የሚታወቀው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ያለው ሕመም ከግብር ነፃ የሆነ ወርሃዊ ካሳ ይከፍላል፤ የሚከፍለው ግን ሕመሙ ከአገልግሎቱ ጋር መያያዙ በማስረጃ ሲደገፍ ነው።

ማስረጃ ከመሰብሰብ በፊት ቅጽ 21-0966ን በማስገባት ወይም በ1-800-827-1000 በመደወል ለማመልከት ማሰብዎን ያስመዝግቡ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ዋናውን ማመልከቻ፣ ማለትም ቅጽ 21-526ኢዜድን፣ ለማስገባት አንድ ዓመት ይኖርዎታል፤ ካሳው ከተፈቀደም ክፍያው ወደ ተመዘገቡበት ቀን ተመልሶ ሊታሰብ ይችላል። ይህን እርምጃ መዝለል የብዙ ወራት ገንዘብ ሊያሳጣ ስለሚችል ዛሬውኑ ቢያደርጉት መልካም ነው።

ቀጥሎ ሦስት ነገሮችን የሚያሳዩ ሰነዶች ያሰባስቡ፦ አሁን ያለውን ሕመም የሚገልጽ የሐኪም ምርመራ፣ በአገልግሎት ላይ የደረሰውን ጉዳት ወይም ለጉዳት ያጋለጠውን ሁኔታ፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚያገናኝ የሐኪም አስተያየት። ሐኪሙ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ የመሆኑ ዕድል ቢያንስ ሃምሳ በመቶ መሆኑን ከነምክንያቱ ቢጽፍ ይበቃል፤ ፍጹም እርግጠኝነት አይጠየቅም። ዲዲ-214 በተባለው የስንብት ወረቀት ላይ የሰፈረው ስም በሕክምና መዝገቡ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉንም ያረጋግጡ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ፣ አንዳንዴም የአባትና የአያት ስም ቦታ ስለሚለዋወጥ፣ ልዩነት ካለ አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 2022 የተፈረመው ፓክት የተባለው ሕግ ለብዙዎች መንገዱን አቅልሏል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2 ቀን 1990 ወዲህ በኢራቅ፣ በኩዌት ወይም በሶማሊያ፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 ወዲህ ደግሞ በአፍጋኒስታን ወይም በጎረቤታችን ጅቡቲ ያገለገለ ሰው ለቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓዶች ጭስ እንደተጋለጠ ይቆጠራል። ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስም፣ ሥር የሰደደ የሳይነስ ሕመም ወይም ከተዘረዘሩት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ካለበት፣ ግንኙነቱን የሚያስረዳ የሐኪም አስተያየት እንዲያቀርብ አይገደድም። ለቬትናም ዘማቾችም የደም ግፊት እንዲህ ያለ አስተያየት ከማይጠየቅባቸው ሕመሞች መካከል በዚሁ ሕግ ተጨምሯል።

የቤተሰብና የባልደረባ ምስክርነት በቅጽ 21-10210 ይቀርባል። ባለቤትዎ የበሽታውን ስም መጥቀስ አይጠበቅባትም፤ ሌሊት እየጮኹ እንደሚነቁ፣ ሰው የሚበዛበት ሠርግና ለቅሶ መሄድ እንደተዉ፣ ይህም መቼ እንደጀመረ፣ በዓይኗ ያየችውን ብቻ ትጻፍ።

ከዚያ ቪኤ ለምርመራ ሊጠራዎት ይችላል፤ ቀጠሮው ካልተመቸዎት ደውለው ያስቀይሩ እንጂ አይቅሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። እኛ ሐኪም ሲጠይቀን እንኳ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ለምደናል፤ መርማሪው ግን የሚጽፈው የሰማውንና ያየውን ነው። ስለዚህ ሕመሙ ሲብስ ምን እንደሚያደርግዎት፣ ከየትኛው ሥራ እንደሚያስቀርዎት፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይናገሩ። ስለ አእምሮ ሕመም መናገር ነውር አይደለም፤ የተሸሸገ ሕመም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

በቪኤ ዕውቅና የተሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተወካዮች ማመልከቻውን በነፃ ያዘጋጃሉ። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት አይፈርሙ።

ውሳኔው ከዜሮ እስከ መቶ በመቶ በሚደርስ የጉዳት ደረጃ ይገለጻል። ሕመሞች ሲበዙ ቁጥራቸው በቀጥታ አይደመርም፦ ሃምሳና ሠላሳ በመቶ ተጣምረው 65 ይሆኑና ወደ 70 ይጠጋጋሉ። ካልተስማሙ በአዲስ ማስረጃ ተጨማሪ ማመልከቻ በቅጽ 20-0995 ማስገባት፣ በቅጽ 20-0996 በከፍተኛ ባለሙያ እንዲታይ መጠየቅ ወይም ለይግባኝ ቦርዱ ማቅረብ ይችላሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከውሳኔው በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለባቸው፤ ተጨማሪ ማመልከቻ ከዚያ በኋላም ይቻላል፣ ነገር ግን የቀድሞው የክፍያ መነሻ ቀን ሊቀር ይችላል።